የልጆችን ስልክና ቴሌቪዥን ለመቆጣጠር የትኛው መንገድ ይሻላል? ለሰሜን ሸዋ ወላጆች የተዘጋጀ ንጽጽር

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጣች። ደብረ ብርሃን ላይ ሐምሌ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ዝናቡና ብርዱ ልጆቹን ከቤት አያስወጣም። ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። «እባክሽ እህቴ፣ ልጆቼ የማይሆን ነገር እንዳያዩ ይህን ስልክ ቆልፊልኝ» አለችኝ። እኔም ፋሚሊ ሊንክ የሚባለውን አፕ ልጭንላት ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ከደከምኩ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ስልኩ የልጆቹ አይደለም፣ የእሷ ነው። ልጆቹ ማታ ማታ ይቀባበሉታል። አፑ የተሠራው ደግሞ የራሱ ስልክ ላለው ልጅ ነው።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስለ ወላጅ መቆጣጠሪያ የሚጻፈው አብዛኛው ምክር እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ስልክ ወይም ታብሌት ያለው ቤት ታስቦ የተጻፈ ነው። የእኛ ቤት እንደዚያ አይደለም። አንድ ስልክ ለአራት ሰው ነው። ሳሎን ውስጥ ዲሽ አለ። ፊልም ከሰፈር ሱቅ በፍላሽ ይመጣል። ስለዚህ የትኛው አፕ ምርጥ እንደሆነ ከመጠየቃችን በፊት የገዛ ቤታችንን ማየት አለብን።

መጀመሪያ መመዘኛው

እኔ አማራጮቹን የምመዝነው በአምስት ጥያቄ ነው።

አንደኛውና ዋናው፣ ስልኩ የማን ነው? የልጁ የራሱ ነው ወይስ የእናንተ? መልሱ ግማሹን አማራጭ ወዲያውኑ ያስቀርላችኋል።

ሁለተኛ፣ የምትፈሩት ነገር የሚገባው በየት በኩል ነው? በኢንተርኔት፣ በዲሽ ወይስ ከሰው በተገለበጠ ሚሞሪ? አንዱን በር የሚዘጋ ነገር ሌላውን አይነካውም።

ሦስተኛ፣ ዳታ ሲያልቅና ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል? መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ላለ ወላጅ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው።

አራተኛ፣ የአማርኛን ነገር ይለያል? ማጣሪያዎቹ አብዛኞቹ የተሠሩት እንግሊዝኛን መሠረት አድርገው ነው። ልጆቻችን የሚያዩት ግን በብዛት አማርኛ ነው።

አምስተኛ፣ ልጁ በስንት ቀን ያልፈዋል? የ5 ዓመትና የ14 ዓመት ልጅ እኩል አይደሉም።

ገንዘብን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት የሚጠቅሙት ሁሉ ማለት ይቻላል ነጻ ስለሆኑ ነው። የሚከፈልባቸው አፖች አሉ። ክፍያቸው ግን በዶላር ነው፣ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ይጠይቃሉ። ለብዙዎቻችን ገና ከጅምሩ የማይሆን ነው፤ አልዘገይበትም።

የጋራ ስልክ ከሆነ፦ አንድ አፕ ላይ ማሰር

ለዚህ የሚሆነው አፕ ፒኒንግ ነው። በአንዳንድ ስልክ ስክሪን ፒኒንግ ይባላል። አንድሮይድ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ አለ። ምንም ማውረድ አያስፈልግም። ሴቲንግ ገብታችሁ ሴኪዩሪቲ በሚለው ሥር ታገኙታላችሁ፤ ካጣችሁት መፈለጊያው ላይ ፒን ብላችሁ ጻፉ። ስታበሩት «ሲወጣ ፒን ይጠይቅ» የሚለውንም አብሩ፤ እዚህ ላይ ፒን ማለት የስልኩ ምስጢር ቁጥር ነው። ይህን ካላበራችሁ ልክ እንዳልቆለፋችሁት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለልጁ የምትሰጡትን አፕ ትከፍታላችሁ። የተከፈቱ አፖች ወደሚታዩበት ገጽ ትሄዳላችሁ። የአፑን ምልክት ነክታችሁ ፒን የሚለውን ትመርጣላችሁ። ከዚያ በኋላ ልጁ ከዚያ አፕ መውጣት አይችልም። የእናንተን ቴሌግራም አይከፍትም። ፎቶ አያጠፋም። በሞባይል ባንኪንጋችሁም ገብቶ አይነካካም። ስልኩን አጥፍቶ ቢያበራው እንኳ የስክሪን ፒን ይጠይቀዋል።

ድክመቱ ግን ግልጽ ነው። ዩቲዩብን ካሰራችሁለት ዩቲዩብ ውስጥ እንደ ልቡ ይሄዳል። ፒኒንግ በሩን ይዘጋል እንጂ ቤቱ ውስጥ ያለውን አይመርጥም። ስለዚህ እኔ ለትንንሽ ልጆች ዩቲዩብን አላስርም። ቀን ላይ ረጋ ብዬ ራሴ ያየኋቸውን አምስት ስድስት ቪዲዮዎች ስልኩ ላይ አስቀምጣለሁ። ማታ ማጫወቻውን አፕ አስሬ እሰጣለሁ። ዳታ አይበላም። ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው። ብዙ ማጫወቻዎች ስልኩ ላይ ያለውን ቪዲዮ በሙሉ ይደረድራሉ፣ ከቴሌግራም የወረደውንም ጭምር። መጀመሪያ ዝርዝሩን እስከ ታች አውርዳችሁ እዩት።

ሳምሰንግ ያላችሁ ደግሞ ሳምሰንግ ኪድስ የሚባል ክፍል አላችሁ። በፒን የሚወጣበት የልጆች ገጽ ነው። የትኛው አፕ እንደሚገባና በቀን ስንት ደቂቃ እንደሚጫወት ትወስናላችሁ። ከፒኒንግ ይሻላል፣ ምክንያቱም ከአንድ በላይ አፕ መስጠት ይቻላል። ሌሎች ስልኮች ላይም ሁለተኛ ተጠቃሚ ወይም ጌስት የሚል ምርጫ ሊኖር ይችላል። በዚያ የገባ ልጅ የእናንተን ፎቶና መልእክት አያይም። ሁሉም ሞዴል ላይ ግን የለም፣ ሴቲንግ ውስጥ ፈልጉ።

የልጁ የራሱ ስልክ ከሆነ፦ ፋሚሊ ሊንክ

ይህ የጉግል ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. 2017 ሲሆን ነጻ ነው። የልጁ ስልክ አንድሮይድ መሆን አለበት። የእናንተ አንድሮይድም አይፎንም ቢሆን ያስኬዳል።

ጥንካሬው ብዙ ነው። በቀን ስንት ሰዓት ስልክ እንደሚነካ ትወስናላችሁ። ከማታ 3 ሰዓት በኋላ ስልኩ እንዲቆለፍ ማድረግ ይቻላል። ልጁ አዲስ አፕ ሊያወርድ ሲል ጥያቄው ወደ እናንተ ይመጣል። ከፕሌይ ስቶር ውጪ፣ ለምሳሌ በዜንደር የተላከለትን አፕ እንዳይጭን መከልከል ትችላላችሁ። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ልጆቻችን ጌም የሚቀባበሉት በብዛት በዚያ መንገድ ነውና።

ድክመቱስ? አፕ ውስጥ ያለውን አያይም። ቴሌግራምን ከፈቀዳችሁ ቴሌግራም ውስጥ ያለው ሁሉ ተፈቀደ ማለት ነው። የድረ ገጽ ማጣሪያው ደግሞ የሚሠራው ክሮም ላይ ነው፤ ልጁ ሌላ ብራውዘር (ድረ ገጽ መክፈቻ አፕ) ካለው ያልፈዋል። ስለዚህ ሌሎቹን ብራውዘሮች ዝጉ። በተጨማሪም እናንተ ከስልካችሁ የለወጣችሁት ነገር ልጁ ጋ የሚደርሰው የእሱ ስልክ ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው። ዳታ የሌለው ስልክ ትእዛዛችሁን አይሰማም። ቀድሞ ያስተካከላችሁት ብቻ ነው የሚይዘው።

አሁን ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ነገር ላይ ደርሰናል፤ የልደት ቀን። ፋሚሊ ሊንክም፣ ዩቲዩብም፣ ቲክቶክም ልጅን ልጅ ብለው የሚያውቁት በዋናነት አካውንቱ ላይ በተጻፈው የልደት ቀን ነው። የእኛ ልጆች አካውንት በሁለት ምክንያት የተበላሸ ነው።

አንደኛው፣ አካውንቱን የከፈተው ብዙ ጊዜ ስልኩን የሸጠው ሰው ነው። ቶሎ ለመጨረስ የመጣለትን ዓመት ይሞላል። ልጁ በአንድ ደቂቃ የ30 ዓመት ሰው ይሆናል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ልጁ የተወለደው በ2008 ዓ.ም. ነው እንበል። እናት ወይም ልጁ ራሱ 2008 ብሎ ይሞላል። ስልኩ ግን የሚያነበው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ልጁ 7 ወይም 8 ዓመት ይጨመርለታል። ገና 10 ዓመት የሞላው ልጅ 17 ወይም 18 ዓመቱ ነው ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ለትንንሽ ልጆች የተዘጋጀው ጥበቃ አይነካውም፣ 18 ከተባለ ደግሞ ለአዋቂ የሚቀርበውን ያያል። ማንም ክፉ አላሰበም። ሒሳቡ ብቻ ነው የተሳሳተው። የእኔም ትልቁ ልጅ አካውንት እንደዚህ ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አላወቅኩም። ዛሬ ማታ የልጃችሁን ስልክ ሴቲንግ ክፈቱ። ጉግል የሚለውን፣ ቀጥሎ የግል መረጃን ነክታችሁ የልደት ቀኑን እዩ።

ዩቲዩብና ቲክቶክ የራሳቸው ማጣሪያ

ዩቲዩብ ውስጥ ሪስትሪክትድ ሞድ የሚባል አለ። ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ የነበረ ነው፣ ያኔ ስሙ ሌላ ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ይበራል። ለአዋቂ ብቻ የተባለውን ይሰውራል፣ አስተያየቶችንም ይደብቃል። ማጣሪያው የሚፈርደው የቪዲዮውን ርእስ፣ መግለጫና የመሳሰለውን እያየ ነው። ጥራቱ ከቋንቋ ቋንቋና ከባህል ባህል ሊለያይ እንደሚችል ዩቲዩብ ራሱ ይናገራል። እኔም በአማርኛ ስሞክረው መልካም ርእስ የተለጠፈበት መጥፎ ቪዲዮ ሲያልፍ አይቻለሁ። ስለዚህ አብሩት፣ አትተማመኑበት። ደግሞም ለብቻው አይቆለፍም፤ ያወቀ ልጅ መልሶ ያጠፋዋል።

ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይደለም፣ የራሱ ሕግ ነው። ከ18 ዓመት በታች ላሉት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በቀን የ60 ደቂቃ ገደብ በራሱ ይበራል፤ ልጁ ግን ኮድ አስገብቶ ሊቀጥል ይችላል። ጠንከር የሚለው ፋሚሊ ፔሪንግ ነው። የእናንተን አካውንት ከልጁ አካውንት ጋር ያገናኛል። ሰዓቱንም፣ የሚያየውንም፣ መልእክት የሚልክለትንም ከእናንተ ስልክ ትወስናላችሁ። ችግሩ የታወቀ ነው፤ ልጆቻችን ቲክቶክ የሚያዩት በእናት ስልክ፣ በእናት አካውንት ነው። በእናት አካውንት ላይ ሁሉም ነገር ለእናት ነው የሚቀርበው። በጋራ ስልክ ላይ ቲክቶክን መቆጣጠር አይቻልም ባይ ነኝ። ለልጅ በምትሰጡት ስልክ ላይ አይኑር።

ዲኤንኤስ፦ ዋይፋይ ላለው ቤት

ስሙ ያስፈራል፣ ሥራው ግን ቀላል ነው። ስልካችሁ አንድ ድረ ገጽ ሲፈልግ መጀመሪያ አድራሻውን ይጠይቃል። አድራሻ የሚነግረውን አገልግሎት ወደ ቤተሰብ ዓይነቱ ከቀየራችሁት የብልግና ገጾችን አድራሻ አይሰጥም። ክላውድፍሌር የሚባለው የኢንተርኔት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ለምሳሌ 1.1.1.3 ነው። ራውተሩ (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ) ላይ በዲኤንኤስ ቦታ ይህን ቁጥር፣ በሁለተኛው ቦታ 1.0.0.3 ትጽፋላችሁ። ከዚያ ዋይፋዩን የሚጠቀም ስልክ ሁሉ ይጣራል፣ እንግዳ የመጣ ልጅም ጭምር። በነጻ ነው።

ዋይፋይ ለሌለው፣ አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ ላይ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚል ቦታ አለ። እዚያ ግን ቁጥር አይገባም፣ የአገልግሎቱ ስም ነው የሚጻፈው። ክላውድፍሌር ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ።

ጥሩ ጎኑ በአብዛኞቹ ብራውዘሮች ላይ መሥራቱ ነው። የልደት ቀን ቢሳሳትም ግድ የለውም። ደካማ ጎኑ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ውስጥ ያለውን አለማየቱ ነው። የተዘጋ ገጽ የሚያስከፍተው ቪፒኤን የሚባለው አፕ ደግሞ ያልፈዋል። ልጆቻችን ቪፒኤን አያውቁም እንዳትሉ። በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለወራት በተዘጉ ጊዜ ቪፒኤን መጫን የቤት ውስጥ ወሬ ነበር፣ ልጆች ናቸው ለወላጅ ሲጭኑ የነበሩት። ለዚህ ነው ዲኤንኤስን ከፋሚሊ ሊንክ ጋር አንድ ላይ ማድረግ የሚሻለው። አንዱ ያጣራል፣ ሌላው ቪፒኤኑ እንዳይጫን ይከለክላል።

ዲሽና ሪሲቨር

ሁሉም ሪሲቨር ማለት ይቻላል ቻናል መቆለፊያ አለው። ሜኑ ውስጥ ፓረንታል ወይም ቻናል ሎክ ይላል። ሲገዛ የሚመጣው ፒን ብዙ ጊዜ 0000 ወይም 1234 ነው። ልጆች ይህን ያውቃሉ፣ በመጀመሪያው ቀን ቀይሩት።

መቆለፊያው የሚዘጋው ቻናሉን በሙሉ ነው። ቀን የልጆች፣ ማታ የአዋቂ ፕሮግራም የሚያሳይ ቻናል ላይ አይረዳችሁም። እኔ ከመቆለፍ ይልቅ ማጥፋቱን እመርጣለሁ። የማንፈልጋቸውን ቻናሎች አጠፋሁ፣ የምንፈልጋቸውን በፌቨሪት ደረደርኩ። ዲኤስቲቪ ያላቸው ዕድለኞች ናቸው። ፕሮግራሞቹ 13፣ 16፣ 18 እየተባሉ ምልክት ስላላቸው ከተወሰነ ዕድሜ በላይ ያለው ሁሉ ፒን እንዲጠይቅ ይደረጋል። ግን ወርኃዊ ክፍያ አለው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ሪሲቨሩ ላይ ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ አለ። በብዙዎቹ ላይ የቻናል መቆለፊያው በፍላሽ የሚመጣውን አይነካም።

ፍላሽ፣ ሚሞሪና ቴሌግራም

እዚህ ላይ ምንም አፕ አይደርስላችሁም። ባለፈው ዓመት ለታናሽ ልጄ ካርቱን ላስገለብጥ ፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ሞልተው ሰጡኝ። ቤት ስንከፍተው ካርቱኑ አለ። ከሱ ቀጥሎ ግን ማንም ያላዘዘው የፊልም ፎልደር ነበር። ልጄ 6 ዓመቱ ነው። ሪሞቱን ከእጁ ስቀበል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባዶ ፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ፣ የምፈልገውን በስም እናገራለሁ፣ ቤት ስመለስ መጀመሪያ እኔ እከፍተዋለሁ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ቴሌግራም የወላጅ መቆጣጠሪያ የለውም። በጋራ ስልክ ላይ ሦስት ነገር አድርጉ። ለቴሌግራሙ የራሱን ፓስኮድ አብሩ። ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ውስጥ ገብታችሁ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አጥፉ። የተተረጎመ ፊልም የሚለቁ ቻናሎችን አንድ በአንድ አይታችሁ የማታምኑበትን ውጡ።

ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ለማን ስልክ | ያለ ኢንተርኔት | ለአማርኛ ይዘት | ልጅ ሊያልፈው? | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| አፕ ፒኒንግ | ለጋራ | ይሠራል | ወላጅ ራሱ ከመረጠ | ፒኑን ካላወቀ ይከብደዋል | ነጻ |
| ሳምሰንግ ኪድስ | ለጋራ | ይሠራል | ወላጅ ራሱ ከመረጠ | ይከብደዋል | ነጻ |
| ፋሚሊ ሊንክ | ለልጁ የራሱ | አዲስ ትእዛዝ አይደርስም | አፕ ይዘጋል፣ ውስጡን አያይም | በከባዱ | ነጻ |
| ዩቲዩብ ሪስትሪክትድ ሞድ | ለሁለቱም | ኢንተርኔት ሲኖር ብቻ ነው | ደካማ | በቀላሉ | ነጻ |
| ቲክቶክ ፋሚሊ ፔሪንግ | ለልጁ የራሱ | ኢንተርኔት ሲኖር ብቻ ነው | መካከለኛ | በሌላ አካውንት | ነጻ |
| ዲኤንኤስ | ለሁለቱም | ኢንተርኔት ሲኖር ብቻ ነው | ድረ ገጽ ብቻ | በቪፒኤን | ነጻ |
| የሪሲቨር ቁልፍ | ለቴሌቪዥን | ይሠራል | ቻናሉን በሙሉ ይዘጋል | በፍላሽ ወይም በሚታወቅ ፒን | ነጻ |
| የአይፎን ስክሪን ታይም | ለሁለቱም | ይሠራል | አፕ ይዘጋል፣ ውስጡን አያይም | በከባዱ | ነጻ |

ለየትኛው ቤት የትኛው

አንድ ስልክ፣ ትንንሽ ልጆች። ፒኒንግና ራሳችሁ የመረጣችሁት ቪዲዮ። ሌላ አትድከሙ።

የራሱ ስልክ ያለው ከ13 በታች ልጅ። የልደት ቀኑን አስተካክሉ፣ ፋሚሊ ሊንክ ጫኑ፣ ዲኤንኤስ ጨምሩ። በዚሁ ቅደም ተከተል።

አይፎን የምትጠቀሙ። ሴቲንግ ውስጥ ስክሪን ታይም አለ፣ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ። ከስልኩ መክፈቻ የተለየ ኮድ አውጡለት፣ ይበቃችኋል።

ዲሽ ብቻ ያለው ቤት። ፒኑን ቀይሩ፣ ቻናል አጥፉ፣ የፍላሹን ነገር ጠብቁ።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልናገር። ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከአንኮበር ገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። 15 እና 16 ዓመታቸው ነው። ስንቃቸው ከቤት ይላካል። ስልክ የተገዛላቸው እንዲደውሉ ነው። አባት ያለው ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፣ ፋሚሊ ሊንክ ሊይዝ አይችልም። ለእነዚህ ልጆች የሚጽፍ ሰው አላየሁም። የምመክረው ይህን ነው። ከተማ ውስጥ ስማርት ስልክ ያለው ዘመድ፣ ታላቅ ወንድም ወይም አክስት ኃላፊነቱን ይውሰድ። ልጁ ፈቅዶ፣ ተነግሮት ይሁን። በዚህ ዕድሜ በድብቅ የተጫነ ነገር ከተደረሰበት ልጁ ከእናንተ ጋር መነጋገሩን ያቆማል። ሰዓት መገደቡን ለሌሊት ብቻ አድርጉት፣ ቀን ትምህርቱንም በስልክ ያጠናልና። ዘመድ ከሌለ ልጁ ለበዓል ወደ ቤት ሲመጣ ስልኩ ላይ ፕራይቬት ዲኤንኤስ አስገቡለት። እሱም ማን እንዳስገባው፣ ለምን እንደሆነ ይወቅ።

የትኛውንም ከመረጣችሁ በኋላ ስልኩን ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ራሳችሁ ሞክሩት። እንደ ልጁ ሁኑ። በአማርኛ ፈልጉ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛም ፈልጉ፣ ልጆች የሚጽፉት እንደዚያ ነውና። ሌላ ብራውዘር ክፈቱ። ቪፒኤን ለማውረድ ሞክሩ። ክፍተት ካገኛችሁ ያኔ ዝጉት። ፒኑም የልጁ የልደት ዓመት ወይም የስልካችሁ የመጨረሻ አራት ቁጥር አይሁን። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ልጁ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡት።